የእማማ ስንዱ ዶሮና የመርሻ ፓምፕ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። የዛሬው በረት ግን አሰላ ከተማ ያለ አንድ ግቢ ነው፤ የቆመችበትም ላም ሳትሆን አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ናት።

በዚያ ግቢ እማማ ስንዱ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። ሁሩታ ያለችውን እህታቸውን ውድነሽን ማየት። የውድነሽ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ብዙ አይቆይም ብሏል። «ዓይኗ ሳይጨልም ፊቴን ትየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግ» አሉት ልጃቸውን መርሻን። ጉልበታቸው ሚኒባስ ላይ አያስወጣቸውም። የመርሻ መኪና ግን ዝቅ ያለች ስለሆነች እንደ ልብ ይገቡባታል።

ችግሩ መኪናዋ ከቆመች ሰነባብታለች። ቁልፍ ሲዞር ከወደ ኋላ ይሰማ የነበረው የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ ጠፍቷል። ፓምፑ የሚቀመጠው ታንኩ ውስጥ፣ ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ ነው። መርሻ አዲስ ፓምፕ ከአዲስ አበባ አስመጣና ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ሰበሰበ። ጋራዥ አልፈለገም። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው፣ ምን ሲደረግ! የጭነት መኪና ታንክ ከጎን ተንጠልጥሎ ስለሚፈታ፣ የሁሉም መኪና ታንክ እንዲሁ የሚወርድ ይመስለዋል።

ከሥር ገብቶ ታንኩን ቢገፋው ንቅንቅ አላለም። ነዳጅ ሲገኝ ተሰልፎ ታንክ ሙሉ ማስቀዳት ነው መቼም፤ እሱም መኪናዋ ከመቆሟ በፊት እስከ አፉ አስሞልቶታል። እንግዲህ መኪናዋ ያለ ፓምፕ አትነሳም፣ ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ አይወጣም፣ ታንኩ ነዳጁ ሳይቀዳ አይወርድም። ነዳጁን ለመቅዳት ደግሞ ጀሪካን ያስፈልጋል።

የመርሻን ጀሪካኖች የተዋሰችው ጎረቤቱ አልጋነሽ ናት። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተጣራ።

«አልጋዬ፣ ጀሪካኖቼን አቀብይኝ፤ ነዳጅ ልቀዳባቸው ነው።»

«ውይ መርሻ! ውሃ ዛሬ ገና መጣችና ሞላሁባቸው። ልድፋው? ተመልሳ የምትመጣበትን ቀን እግዜር ነው የሚያውቀው። በርሜል ፈልግልኝና ልገልብጥልህ።»

መኪናዋ ያለ ፓምፕ አትነሳም፣ ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ አይወጣም፣ ታንኩ ነዳጁ ሳይቀዳ አይወርድም፣ ነዳጁ ያለ ጀሪካን አይቀዳም፣ ጀሪካኑ ውሃው ሳይገለበጥ አይገኝም፣ ውሃው ያለ በርሜል አይገለበጥም። መርሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ማዶ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ጉደታ ሄደ።

«በርሜል ሞልቶ!» አሉ ጋሽ ጉደታ። «ግን ዝናብ እንዳይነካብኝ ከሰሌን ከትቼበታለሁ። ጆንያ ይዘህ ና፣ አብረን እናወጣዋለን። ከዚያ አጥበህ ውሰደው።»

መኪናዋ ያለ ፓምፕ አትነሳም፣ ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ አይወጣም፣ ታንኩ ነዳጁ ሳይቀዳ አይወርድም፣ ነዳጁ ያለ ጀሪካን አይቀዳም፣ ጀሪካኑ ውሃው ሳይገለበጥ አይገኝም፣ ውሃው ያለ በርሜል አይገለበጥም፣ በርሜሉ ከሰሉ ሳይወጣ ባዶ አይሆንም፣ ከሰሉ ያለ ጆንያ አይወጣም።

መርሻ ጆንያ አለው። የት እንዳለም ያውቃል፤ ያ ነው ራሱን ያሳከከው። መኪናዋ ቆማ ሳለ የእናቱ ቀይ ዶሮ በማይገጥመው በር ገብታ የኋላ ወንበሩን ርስቷ አድርጋዋለች። እማማ ስንዱም ጆንያውን ከሥሯ አንጥፈው እንቁላል አስታቀፏት። «የታቀፈች ዶሮ አይነካም! ከተነካች ጥላው ትሄዳለች» ብለው ቤቱን ሁሉ አስጠነቀቁ። ባዶ እጅ አይኬድማ፤ ጫጩቶቹ ለውድነሽ የታሰቡ ናቸው።

መርሻ ደጃፍ ላይ ወደተቀመጡት እናቱ ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ መኪናዋ ያለ ፓምፕ አትነሳም፣ ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ አይወጣም፣ ታንኩ ነዳጁ ሳይቀዳ አይወርድም፣ ነዳጁ ያለ ጀሪካን አይቀዳም፣ ጀሪካኑ ውሃው ሳይገለበጥ አይገኝም፣ ውሃው ያለ በርሜል አይገለበጥም፣ በርሜሉ ከሰሉ ሳይወጣ ባዶ አይሆንም፣ ከሰሉ ያለ ጆንያ አይወጣም፣ ጆንያው ዶሮዋ ሳትነሳ አይነሳም፣ ዶሮዋ ደግሞ አንቺ ሳትፈቅጂ አትነሳም።»

«ታዲያ ሁሩታን የከለከለችኝ የገዛ ዶሮዬ ናት በለኛ!» አሉ እማማ ስንዱ። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ጥላቸው ብትሄድስ? ውድነሽን ባዶ እጄን ልያት?»

መርሻን እናቱ አሳዘኑት።

«ይሁን» አሉ እማማ ስንዱ። «ዶሮ ትተካለች። የእህቴ ዓይን ግን አይተካም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እኔው ራሴ አነሳታለሁ፤ አንተ አትንካት።»

ማምሻውን ቅርጫት ይዘው መጡ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ አዛወሩ፣ ዶሮዋን በሁለት እጃቸው አቅፈው ላያቸው ላይ አስቀመጡ፣ በነጠላቸውም ሸፈኗት። ዶሮዋ አንዴ አጉረመረመችና ዝም አለች። መርሻም ጆንያውን ሳብ አደረገ። ጆንያው በወንበሩ ጫፍ ተይዞ እምቢ አለ። እልህ ይዞት በኃይል ሲጎትተው መቀመጫው ራሱ ተነቅሎ አብሮ ተነሳ።

ከመቀመጫው ሥር ክብ ክዳን አለ። ክዳኑ በብሎን ታስሯል፤ በጎኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይወጣል። መርሻ አጎንብሶ ቢያሸተው ነዳጅ ነዳጅ ይላል። ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ ከላይ ነው የሚወጣው! ያን ሁሉ ዘመን የነዳው ሾፌር ግንባሩን መታ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ የምዞረው ዶሮሽ የተቀመጠችበትን ነገር ፍለጋ ነው።»

በማግስቱ በብርሃን የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ አልጋነሽን «እሳት እንዳታቀጣጥዪ!» አላት፣ ክዳኑን ከፍቶ አሮጌውን ፓምፕ ነዳጅ እያንጠባጠበ አወጣ። አዲሱን ነዳጅ እንዳያፈስ ከነማሸጊያ ጎማው አስገብቶ አጠበቀው። ባትሪውን መልሶ ቁልፍ ሲያዞር ከኋላ ዝዝዝ አለ፤ መኪናዋም ተነሳች። እንግዲህ ከሰሉ ከበርሜሉ አልወጣ፣ ውሃው ከጀሪካኑ አልተገለበጠ፣ ነዳጁ ከታንኩ አልተቀዳ፣ ታንኩ ከቦታው አልወረደ፤ ዶሮዋ ስለተነሳች ብቻ ፓምፑ ወጣ፣ ፓምፑ ስለተቀየረ መኪናዋ ተነሳች፣ መኪናዋ ስለተነሳች እማማ ስንዱ ቅርጫታቸውን ታቅፈው ሁሩታ ገቡ።

ውድነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ አየችው፣ ደግማ አየችው። «ስንዱ፣ አርጅተሻል» አለች። ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ያን ጊዜ ከቅርጫቱ፣ ከነጠላው ሥር፣ የጫጩት ጪው ጪው የሚል ድምፅ ተሰማ።

ተረቴን መልሱ፤ ጆንያውንም ለመርሻ መልሱለት፣ አሁን ዶሮ የለበትም።