የዋንዛው ጀልባ ጥም

«ውሃ የጠጣ ጀልባ ፀሐይ ይምከረው» ይሉ ነበር የደምለው አባት፣ ጠዋትም ማታም። ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ይህ የሆነው ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ነው።

ደምለው በጣና ደሴት የሚኖር ታንኳ ሠሪ ነበር። ታንኳ የሚሠራው በባሕሩ ዳር ከሚበቅል ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳዋን ከባሕር ባወጣት ቁጥር ፀሐይ ላይ ያቆማታል።

«አንቺ ሰካራም!» ይላታል። እሷም ውሃዋን ታንጠባጥባለች።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ስታረግዝ፣ ምጥ ሲመጣ ተኝታ የምትሻገርበት ሰፊ ነገር ፈለገ። ዋንዛ ፈልጦ፣ ጣውላ ገጥሞ፣ በደሴቱ ያልታየ ጀልባ ሠራ። አንድ ቀን ቀዝፎ ሞከረውና እንደ አባቱ ቃል ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በመጀመሪያው ቀን ጀልባው «ጠማኝ» አለ።

«የጀልባ ጥም ደግሞ ምን ይሉታል!» ብሎ ሳቀ።

በሁለተኛው ቀን «ደምለው፣ ጎኔ ተሰነጠቀ፤ ጠማኝ» አለ።

«እሰይ! ድረቅ።»

በሦስተኛው ቀን ጀልባው ድምፁ ተዘጋ። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ጥሩወርቅን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ያለችው ከባሕሩ ማዶ ነው።

«ታንኳዋም ትከተለን» አለች ጥሩወርቅ ጥርሷን ነክሳ።

«ምን ልታደርግልን?»

«እሰራት ብዬሃለሁ፣ አንተ ሰው!»

ታንኳዋን ከጀልባው ኋላ አሰራት፤ ጥሩወርቅን አሳፍሮ ቀዘፈ። መሀል ባሕር ሲደርሱ ውሃው በጣውላው መጋጠሚያ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ነካው።

«ማን ጠራህ?» አለ ደምለው።

«አንተው! ሦስት ቀን ሙሉ በር ስትከፍትልኝ ዋልህ» አለ ውሃው።

በቅል ቀዳ፣ ደፋ። ውሃው ባቱ ደረሰ። ቀዳ፣ ደፋ። ጉልበቱ ደረሰ። ጥሩወርቅ «ልጄን!» ብላ ጮኸች።

«የባሕር ጌታ ሆይ፣ እኔን ውሰድ፤ እነሱን ማር» አለ።

ይሄን ጊዜ ታንኳዋ ከኋላ ተናገረች። «ጸሎትህን በእጅህ አግዘው። እኔ አርጅቻለሁ፤ ሦስት ነፍስ አልሸከምም። ፍታኝና ደንገሌን በስንጥቁ ወትፍ። ስጠጣ ሰካራም ስትለኝ ኖርህ፤ ዛሬ ልጠጣልህ።»

«አንቺስ?» አላት።

«ወትፍ አልኩህ!»

ፈታት፤ ወተፈ። ደንገሉ ጠጣ፣ አበጠ፣ ስንጥቁን ያዘ። ዋንዛውም ጠጥቶ «ተመስገን» አለ። ውሃው በሩ ሲዘጋበት ደጅ ቀርቶ አጉረመረመ። ደምለው የገባውን ቀድቶ ጨረሰና ማዶ ደረሰ።

አዋላጇ ጥሩወርቅን ተቀበለቻት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃን አለቀሰች፤ እናትም ልጅም ዳኑ።

ደምለው ግን ጀልባው አጠገብ ቆሞ፣ በየጣውላው መሀል ብቅ ብቅ ያለውን ደንገል እያየ አፈረ። ከሩቅ ባሕር አገር የመጣ አንድ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ዳሰሰ።

«አትየው ወንድሜ» አለው ደምለው። «በአዲስ ልብስ ላይ እራፊ ጥፌበታለሁ።»

መንገደኛውም ቀና ብሎ እንዲህ አለው፦ «በእኛ አገር የትልቁ መርከብም ስንጥቅ የሚደፈነው በአሮጌ ገመድ ነው፤ አዲስ ያለ አሮጌ አይሻገርም።»