የዜሮ ዓመት ልምድ

አንድ ቀን ልጄን ይትባረክን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ለብቻው ሲስቅ አገኘሁት። ሰው ለብቻው ሲስቅ ደግ አይደለምና «በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

«እማዬ፣ በመጨረሻ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ ወጣ። ስሚ፦ ጀማሪ የአይቲ ባለሙያ፤ የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት። ዜሮ! እኔ እኮ ዜሮ ሞልቶኛል።»

ሳቁ ወዶ እንዳልሆነ እናት ታውቃለች። ይትባረክ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ልጅ ነው። እዚሁ ደሴ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ዓመት ያህል ሠራ። ከዚያ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ቤቱ ተዘጋ። ወዲያው አባቱ ታመመ፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። ይትባረክ አባቱን ሲያነሳ፣ ሲያጥብ፣ ሲያገላብጥ ስድስት ዓመት ሄደ። ባለቤቴን አምና እግዚአብሔር አሳረፈው። ልጄም ወረቀቱን ይዞ ሥራ ፍለጋ ወጣ።

የገባበት ቢሮ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው።

«ይሄ ክፍተት ምንድን ነው? ስድስቱን ዓመት የት ነበርክ?»

«አባቴ ጋ።»

«ምን የሚባል ድርጅት ነው?»

በሰፈራችን እንደሆነ ሥራ አላጣም። «ኮምፒውተር የተማረው» ነው ስሙ። ስልኩ የሞላበት፣ ሬዲዮው የሚንተባተብበት፣ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያው ውሃ የገባበት፣ ሁሉም ወደ እኛ ቤት ነው። አንዷ ጎረቤቴማ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ በክንዷ አቅፋ መጣች። «ልጅሽ የማያውቀው የለም፤ እስቲ አንዴ አጥፍቶ ያብራት» አለችኝ። ይትባረክ ዶሮዋን ጨለማ ጓዳ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ አቆይቶ አወጣት። በማግስቱ ጣለች፤ ሥራው የእግዚአብሔር ነው። ይህ ሁሉ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው ክፍያው፤ በሥራ ልምድም አይጻፍም።

ነገሩ የእንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት እንችለው ነበር። ልጄ ትርሲት የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ብንልክ አባቷ ጋሽ ሙህዬ ምን ብለው መለሱ?

«ሥራ የፈታ ሚስትም ይፈታል። መጀመሪያ ሥራ ይያዝ። እስከ ጥር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሽማግሌ በሬን እከፍታለሁ።»

ጊዜው ኅዳር ነው። እኔም ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ።

ማስታወቂያው በወጣ ማግስት፣ ወዳወጣው መሥሪያ ቤት አብሬው ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ወንድ ልጅ እናቱ ምን ትከተለዋለች ትሉኝ ይሆናል። ይትባረክ ልበ ቀና ነው፤ አፉ ግን ከልቡ ቀድሞ ይወጣል። ከዚህ በፊት አንዱ ቀጣሪ «ራስህን በአምስት ዓመት ውስጥ የት ታየዋለህ?» ቢለው «መስተዋት ካለ እዚያው» ብሎ ተባሯል። ስለዚህ አጠገቡ ቆሜ ሲያመልጠው ልቆነጥጠው ነው የሄድኩት።

ጸሐፊዋ ዘምዘም ትባላለች፤ ሳቂታ ልጅ ናት። ገና ከበሩ ሳንገባ፦

«ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ።»

ተመለስን። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ጊዜ ይትባረክ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ምን ሆኖ ነው?»

«የሚሠራው ሰው የለማ! አሁን ልንቀጥር ነው።»

«እኔ እኮ ለእሱ ነው የመጣሁት።»

«ጎሽ! ግን ለመመዝገብ ሲስተም የለም።»

«ቆይ፣ ሲስተሙን የሚሠራው ሰው፣ ሲስተሙ እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ አለበት ማለት ነው?»

ዘምዘም በአድናቆት አየችው። «አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ቶሎ ገብቶሃል። ሌሎቹ ሳይገባቸው ነው ተናደው የሄዱት።»

እኛ አልተናደድንም። ተመላለስን። ከሌላ ከተማ የመጡት ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ አመልካች የተባለ እኛ ብቻ ቀረን። በመጨረሻ ዘምዘም ራሷ አዘነችልን መሰለኝ፣ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገብታ በአፏ ነግራ ወጣች።

«ግባ፣ አቶ ጥጋቡ ይጠሩሃል። እርስዎ እማማ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ። የበሩ መያዣ ወልቋል፤ አይዘጋም፤ ሁሉንም ይሰማሉ፣ አብሽሩ።»

እውነትም በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ ውስጡ ሁሉ ይታየኛል። እኔም ቆንጥጬ የማልደርስበት ቦታ ተቀመጥኩ።

አቶ ጥጋቡ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ከረዥም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሻይ ቀርቦላቸዋል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ሰው አለ፤ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ አቶ ጥጋቡ በተናገሩ ቁጥር ራስ መነቅነቅ ነው። ጠረጴዛው መሐል ላይ ዳንቴል የለበሰ ትልቅ ነገር ተቀምጧል። እኔ ድፎ ዳቦ መስሎኝ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብዬ ሳስብ ነበር።

«ልምድህ ስንት ነው?» አሉ አቶ ጥጋቡ።

«አንድ ዓመት፣ ጌታዬ።»

«በዛ። እኛ ዜሮ ነው ያልነው።» ሁለቱ ነቀነቁ።

«ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ዓመት አልሠራሁም።»

«እሱ ደግሞ አነሰ።» ነቀነቁ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ የበዛውን ላነሰው ቢሞሉልኝስ?»

አቶ ጥጋቡ ይህን ያልሰሙ መስለው አለፉት። «ይሁን። የዜሮ ዓመቱን ማስረጃ አቅርብ።»

«የዜሮ ማስረጃ ከየት ይገኛል?»

«ካልሠራህበት መሥሪያ ቤት ነዋ! ማኅተም ያረፈበት ይሁን።»

«ያልሠራሁበት መሥሪያ ቤትማ ብዙ ነው። ይሄም አንዱ ነው። እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ቆነጠጥኩ፤ የራሴን ጭን። የቀኙ ሰውዬ ሊነቀንቅ ጀምሮ ነበር፣ የአቶ ጥጋቡን ፊት አይቶ አንገቱን መሐል ላይ አቆመው።

አቶ ጥጋቡ ስኳር ጨመሩና ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ብርጭቆው ውስጥ የሆነ ነገር ቅጭል፣ ቅጭል አለ። በማንኪያው ፈልገው አንዲት ብሎን አወጡ፤ ጠረግ፣ ጠረግ አድርገው ወደ ስኳር ዕቃው መለሷት። ከአደራረጋቸው እንደሚታየው፣ ብሎኗ እንግዳቸው አልነበረችም።

ይትባረክ የስኳር ዕቃውን ትኩር ብሎ አየ። ግማሹ ስኳር፣ ግማሹ ብሎን ነው።

«አየህ ልጄ» አሉ አቶ ጥጋቡ፣ «ሥራ ማለት ልምድ ነው። ካንተ በፊት እዚህ የነበረው ባለሙያ፣ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ክፍተት የሌለው ሰው ነበር። ሰው ማለት እሱ!» ብለው ዳንቴሉን ገለጡት።

ድፎ ዳቦ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ዋናው ኮምፒውተር ነው። እግዚኦ! ሆድ ዕቃው ለብቻ፣ ጎድኑ ለብቻ፣ ጅማቱ ለብቻ ተዘርግቶ፣ ለቅርጫ የታረደ በሬ ይመስላል።

«ይሄን ሁሉ የምታየውን በአንድ ጠዋት ፈታው! ላብ እንኳ ጠብ ሳይለው። እንዲህ ያለ ፈቺ በዕድሜዬ አላየሁም።» ነቀነቁ።

«ከዚያስ ጌታዬ?»

«ከዚያማ የተሻለ ቦታ አገኘና ሄደ። ልምድ ያለው ሰው እኮ የትም ይፈለጋል።»

«ሳይገጥመው?»

አቶ ጥጋቡ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በቀኝ አዩ፣ በግራ አዩ፤ የሚነቀንቅ ጠፋ። ሰው ሲያፍር ድምፁን ከፍ ያደርጋልና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ስለ እሱ ተወኝ! ስለ ራስህ ተናገር። ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ የፈታህ ሰው ነህ። እዚህ ቤት ሥራ ፈት ገብቶ አያውቅም። እሺ፣ አሥር ዓመት የሠራ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሥራ የፈታ ሰው የማስቀምጠው ለምንድን ነው? አንድ ምክንያት ንገረኝና እቀጥርሃለሁ። ከሌለህ ግን በሩ ያው ነው፤ መያዣ የለውም፣ ገፋ አድርገው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥር መጣብኝ። ጋሽ ሙህዬ በራቸውን ለሌላ ሽማግሌ ሲከፍቱ ታየኝ። ትርሲት የሰው ሚዜ ፊት አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ታየኝ። ልጄ ዛሬ ከዚህ ክፍል አንገቱን ደፍቶ ከወጣ፣ ሁለተኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደማይቆም አውቄዋለሁ። «ገብርኤል ሆይ» አልኩ በልቤ፣ «አፉን ያዝልኝ። የዛሬን ብቻ አፉን ያዝልኝ።»

ይትባረክ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። የተበተነውን ኮምፒውተር አየ፤ የስኳር ዕቃውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አቶ ጥጋቡን አየ።

«ጌታዬ፣ እሱም ፈታ፤ እኔም ፈታሁ። ልዩነታችን፣ እሱ ፈትቶ ሄደ፣ እኔ ፈትቼ መጣሁ። እንግዲህ እሱ የፈታውን እኔ ልግጠም፤ እኔ የፈታሁትን ደግሞ እርስዎ ይግጠሙልኝ!»

ቀድሞ የነቀነቀው የቀኙ ነው። የግራው ተከተለው። ማንም ሳያዛቸው ነው፤ ያውም እስከ ወገባቸው ድረስ። አቶ ጥጋቡ «እንዴት ቢደፍረኝ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቃቸው ቀድሞ አመለጣቸው። ሻዩ በአፍንጫቸው ወጣ፤ ዳንቴሉን አንስተው ፊታቸውን ጠረጉበት።

«ዘምዘም!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይሄን ልጅ መዝግቢው! ተቀጥሯል!»

ዘምዘም ከወንበሯ ሳትነሣ፦ «ሲስተም የለም!»

ምን ይደረግ? ልጄ ተቀጥሯል እንዳይባል አልተመዘገበም፤ አልተቀጠረም እንዳይባል አቶ ጥጋቡ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ስለዚህ ይትባረክ እጅጌውን ሰብስቦ እዚያው ተቀመጠ። እኔም ተፈቅዶልኝ ገብቼ አጠገቡ ሆንኩና ብሎኑን ከስኳሩ ለቀምኩለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚዋ እኔ። ዘምዘም ደግሞ የያዝኳትን የጸበል ጠርሙስ አይታ «እማማ፣ ትንሽ ጠብ ቢያደርጉበትስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ተይ ልጄ» አልኳት፣ «ጸበል ለታመመ ነው፤ ይሄ አልታመመም፣ ተበትኖ ነው።»

ወደ ማታ ግድም፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ለመሄድ ኮቱን ሲለብስ፣ ኮምፒውተሩ እህህ ብሎ ተነሣ። መብራቱ ቦግ አለ። ዘምዘም እልል አለች። ወዲያው መጀመሪያ የተመዘገበው ስም የይትባረክ ነው። እንዲህ ሆኖ ልጄ ሲስተሙን ሠርቶ ራሱን ቀጠረ። ገብርኤልን «አፉን ያዝልኝ» ብዬው ነበር፤ እንኳንም አልሰማኝ። ጃንጥላውን በታኅሣሥ ንግሡ አስገባሁ።

ጋሽ ሙህዬ ግን በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ጥር ሳይገባ ዱላቸውን ይዘው ሊያጣሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ዘምዘም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

«ልጄ፣ እዚህ ይትባረክ የሚባል ሰው በእውነት ይሠራል?»

ዘምዘም ከልማዷ ቀና እንኳ ሳትል፦ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው።

ጋሽ ሙህዬ «እኔስ ብዬ ነበር!» ብለው ዱላቸውን ወደ ደጅ ሲያዞሩ፣ መያዣ በሌለው በር በኩል ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፦

«አለሁ አባቴ! ይግቡ!»