እንግዳ የበዛበት ፓወር ሰፕላይ

ተረት ልንገራችሁ? "ጆሯችን ባዶ ነው፣ ሙላው!" በሉኛ። እሺ፣ እንካችሁ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ሰውም የዕቃ ነገር በሚሰማበት ጊዜ፣ ዘርትሁን የምትባል የሠርግ ቪዲዮ የምትሠራ ሴት ነበረች። አንድ ኮምፒውተር ነበራት። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ፓወር ሰፕላይ ይኖራል። ሥራው ማጉረስ ነው። መብራቱን ከግድግዳ ይቀበላል፣ ይመጥናል፣ ለቤቱ ሁሉ ያጎርሳል። ሲያጎርስ ይውላል፣ ሲያጎርስ ያመሻል። ቤተሰቡ አንድ አሮጌ ዲስክና ጥቂት ዕቃ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይጠግባል። "ጋሼ" ይሉታል፤ እሱም "ጋሼ" መባል ይወዳል።

አንድ ቀን እንግዳ መጣ። አዲስ ዲስክ ነው።

"ጋሼ፣ ለኔ የሚሆን አለ?"

"ምን ጥያቄ ነው? ግባ!"

ገባ። በላ። ጠገበ።

ሌላ ቀን ባለቀለም መብራት ማቀዝቀዣ ፋኖች እየተሽከረከሩ መጡ።

"ጋሼ፣ ለኛስ የሚሆን አለ?"

"ቤት ለእንግዳ! ግቡ!"

ገቡ። በሉ። ጠገቡ።

እዚያው ጥግ ሙቀት ፍለጋ የተጠጋች በረሮ ነበረች። "ጋሼ፣ ሌማቱ እየሳሳ ነው" አለችው።

"ዝም በይ፣ አንቺ ደባል!"

ከዚያ ግራፊክስ ካርድ መጣች። ወፍራም ናት፣ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች። ቪዲዮ ቶሎ እንድትጨርስ ነው የተገዛችው። ደጅ ላይ ቆመችና "ጋሼ፣ እኔ ሥራ ከሌለ ብዙም አልበላ። ሥራ ሲመጣ ግን አያድርስ ነው። ትችለኛለህ?" አለች።

ፓወር ሰፕላይ ስንት እንደምትበላ ሊጠይቃት ፈለገ። ግን እንግዳን "ስንት ትበላለህ?" ይሉታል እንዴ? ነውር ነው። ዘርትሁንም አልጠየቀችም። ስትገዛትም አልጠየቀች፣ ስትሰካትም አልጠየቀች።

"ኧረ ምን ገዶኝ! ግቢ!" አለ።

ገባች። ሥራ እስኪመጣ ሰላም ነበር። ካርዷ ትተኛለች፣ ፋኖቹ ይጫወታሉ፣ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በረሮዋን "አየሽ?" ይላታል።

ሥራው መጣ። የእትዬ የሺመቤት ልጅ ሠርግ ነው። ቪዲዮው ቅዳሜ ለቅልቅሉ መድረስ አለበት፣ ዘመድ ሁሉ ሊያየው ተጠርቷል። ካሜራው ላይ የነበረው ቅጂ ለሌላ ሠርግ ቦታ ሲለቀቅ ተሰርዟል። የቀረው አሮጌው ዲስክ ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ዘርትሁን ሥራ ጀመረች። ያኔ ሁሉም ባንዴ ራበው። ዲስኮቹ "አጉርሰን!" ፋኖቹ "አጉርሰን!" ካርዷ "አጉርሰኝ፣ አጉርሰኝ፣ አጉርሰኝ!" ፓወር ሰፕላይ እጅ አጠረው። ድርግም!

"ቫይረስ ነው" አለች ዘርትሁን። አበራችው። "አጉርሰን! አጉርሰን!" ድርግም!

"ሙቀት ነው" አለችና ክዳኑን ከፈተች። አበራችው። ድርግም! አሁን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

አሮጌው ዲስክ ቃተተ። "ጋሼ፣ እየዞርኩ ድንገት ስታጠፋኝ ሰውነቴ ይጫራል። ሙሽሮቹ ሆዴ ውስጥ ናቸው። አሁን ብትደግመኝ አልነሳም። አንተም ከተቃጠልክ ብቻህን አትቃጠልም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አልቻልኩም በላ።"

"እንግዳ ፊት?"

"አይ ጋሼ!" አለች በረሮዋ። "እየነደድክም ይሉኝታ?"

ዘርትሁን እንደገና ልታበራው ጣቷን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

"አትንኪኝ!" ብሎ ጮኸ ፓወር ሰፕላይ። "አልቻልኩም!"

ዘርትሁን ጣቷን መለሰች።

"ምን አልክ?"

"ሁሉንም ባንዴ ማጉረስ አልችልም።"

"ታዲያ መጀመሪያ አትናገርም?"

"አንቺስ መጀመሪያ አትጠይቂም?"

ይኼኔ ካርዷ አፏን ከፈተች። "ያ ሁሉ ‹ግቢ፣ ግቢ›! ለካ ጓዳህ ባዶ ነው!" ፋኖቹ ተንከተከቱ። ፓወር ሰፕላይ አፈረ። አፈረ እንጂ አልሞተም።

ዘርትሁን ካርዷን ነቅላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ፋኖቹንም ነቀለች። አበራችው፤ በራ። ሥራው ግን ዳገት ላይ እንዳለ የአህያ ጋሪ ተጎተተ። እትዬ የሺመቤት መጥተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ልጄ ሳትወልድ ይደርሳል?"

"ይደርሳል እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው።"

ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ሄዱ።

ካርዷ መደርደሪያ ላይ ሆና "እኔስ መቼ ነው የምገባው?" አለች።

"እኔ እያለሁ አትገቢም" አላት ፓወር ሰፕላይ። "የሚችልሽ ይምጣ፣ እኔ እወጣለሁ።"

"ወጥተህ የት ልትሄድ?"

"ወደምችለው ቤት።"

እኔ ሸክሜን አወረድኩ፣ ተራው የናንተ ነው። ደጅ ላይ "አልችልም" ያለ ያፍራል፤ እስከ ማዕድ የደበቀ ግን ከነእንግዳው ይቃጠላል።