ሃያ ዓመት የተቆለፈባት መንኮራኩር

አንድ ጌም ሠሪ ነበር፤ ስሙ አስናቀ ይባላል። ከወዳጁ ከውብሸት ጋር ሆኖ የህዋ ጦርነት ጌም ሠራ። አስናቀ ጨዋታውን ያስባል፣ ውብሸት ይስላል። በጨዋታው ውስጥ አንዲት መንኮራኩር በከዋክብት መሀል፣ በማይታይ ሐዲድ ላይ እንዳለች ሁሉ ወደ ፊት ብቻ ትበራለች። ተጫዋቹ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያደረገ ጠላት ይመታባታል እንጂ ሊያቆማትም ሊመልሳትም አይችልም። ሰው ጉድ እስኪባል ወደደው። ልጁ ከትምህርት ቤት፣ አባትየው ከሥራ እየቀረ ተጫወተው። መቼም ሰው በተሰመረለት መንገድ ሲነዳ ጀግና የሆነ ይመስለዋል።

ውብሸትን ግን አንድ ነገር ከነከነው። ጓደኛ አብራሪ ተመትቶ ሲወድቅ፣ «ድረሱልኝ!» እያለ ሲጮኽ፣ መንኮራኩሯ ጥላው ታልፋለች።

«ይሄ ደግሞ ምን ጀግንነት ነው?» አለ። «በሁለተኛው ጌም ተመልሳ ታንሳው።»

ሁለት ዓመት ተኩል ለፉ። መንኮራኩሯ ዞራ የወደቀውን የምታነሳበትን ጌም ሠርተው ጨረሱ። ሞከሩት፣ ስሕተቱን ለቀሙ፣ የሽፋኑ ሥዕል ሳይቀር አለቀ። ይህን ጊዜ የሚሠሩበት ድርጅት ባለቤት አስናቀን ብቻውን አስጠሩት።

«በሚቀጥለው ዓመት አዲስ የጌም ማጫወቻ መሣሪያ ይወጣል» አሉት። «የናንተ ጌም የተሠራው ለአሮጌው ነው። ከአዲሱ ጎን ሲታይ ያሳፍረናል። ቆልፉበት። ለአዲሱ የሚሆነውንም ጌም በኃላፊነት የምትሠራው አንተ ነህ።»

አስናቀ ሥራው ግሩም እንደሆነ ያውቃል። «እስቲ አንዴ ይጫወቱትና ይፍረዱ» የሚል ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ሹመቱን ሰማና ዋጠው። «እርስዎ ካሉ» ብሎ ወጣ።

ውብሸት ሲነገረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የጤና አልነበረም።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን ልበል? ጊዜው ይመጣል።»

«ጊዜ እግር አለው እንዴ? ለኔ ሲሆን ያ ሁሉ ምላስ የት ሄደ?»

ሦስተኛው ጌም ለአዲሱ ማጫወቻ ወጣ፤ ተወደደ። አራተኛውን ባለ ድርጅቱ ለሌሎች ሰጡት፤ እነሱም አብራሪውን ከመንኮራኩር አውርደው በእግሩ አስኬዱት፤ ሰው ተቆጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ የመጀመሪያውን መድገም ሆነ። ያው ጠላት፣ ያው ጦርነት፣ ፊቱ ታጥቦ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ውብሸት ያንኑ ሥዕል ሲስል ኖረ። አዲስ በተጀመረ ቁጥር «የሁለተኛውስ ነገር?» ይላል። አስናቀም «ይቺ ትለፍና» ይለዋል። እንዲህ እያለ ስንቱ አለፈ!

በመጨረሻ ውብሸት ታመመ። «አስኔ፣ ሌላ አልለምንህም» አለው። «ሰው ሲጫወተው አንዴ ብቻ ልይ።»

አስናቀ እሺ አለ። ሄዶም ባለ ድርጅቱ በር ላይ ቆመ። ዛሬ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ነገ ይሻላል ብሎ ተመለሰ። እንዲህ ሲመላለስ ፍልሰታ ገባ፤ ውብሸትም ፍልሰታ ሳይፈታ ሞተ።

ስምንት ወር ቆይቶ ባለ ድርጅቱ በስብሰባ መሀል፣ «አሁን ሰዉ አሮጌ ነገር ናፍቋል። ያ ቆልፉበት ያልኳችሁ የታለ? ይውጣ» አሉ።

አስናቀ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ያኔ… አምና ጠይቄዎት ቢሆንስ?»

«እፈቅድ ነበራ! ማን ጠየቀኝ?»

ጌሙ ወጣ። አገር ምድሩ አደነቀው። አስናቀ ምስጋናውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ውብሸት ባለቤት ወደ ዘርፈሸዋል ሄደ።

«እቴ ዘርፌ፣ ሰው ሁሉ ሣዩ ማን ነው እያለ ነው።»

ዘርፈሸዋል ቀና ብላ አየችው። «ደስ ይላል» አለች። «በል እንግዲህ ሂድና ንገረው።»

አስናቀ ቆሞ ቀረ። እሷም ተቀመጥ አላለችው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ይህን የሚሉት የሚያጡት የሌላቸው ናቸው። ባለ ድርጅቱ ሥራውን የቆለፉት በአንድ ቃል ነበር፤ ቆልፎ ያኖረው ግን የወዳጅ ዝምታ ነው። ጨካኝ ሰው አንድ ቀን ልቡ ሊመለስ ይችላል። የፈሪ ወዳጅ ቃል ግን ሁልጊዜ የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው። እስቲ አንተም አንቺም ልባችሁን ጠይቁት፦ ለማን ብላችሁ መናገር የሚገባችሁን ነው ዛሬም የዋጣችሁት? ሰውየውስ እስኪ ስንት ቀን ይጠብቃችሁ ይሆን?