በበሩ ላይ የሚቀረጸው እጅ

በአንድ ወቅት በግሪኮች አገር፣ ባሕር ዳር፣ ካሊዮን የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በሸንጎዋ የሚናገር መሪ ቀኝ እጁን ከኩታው አያወጣም፤ እጁን ያወራጨ ልቡን መግዛት ያቃተው ነው ይባላል። ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ ፊሎንም ዕድሜውን ሙሉ የቀረጸው እጃቸውን የሸፈኑ መሪዎችን ነው። ሥራው ቀሎለት ነበር፤ ጣት መቅረጽ መቼም ያስቸግራል።

አንድ ቀን ጠዋት ጠላት በመርከብ መጥቶ ከግንቡ ውጭ የወይራ ፍሬ ሲለቅሙ የነበሩ አርባ ሰዎችን ያዘ። የፊሎን አንድያ ልጅ ሜሊታም አብራ ተያዘች። «እስከ ቀትር በሩን ካልከፈታችሁ እንገድላቸዋለን» የሚል መልእክት መጣ። ሸንጎው ተሸበረ። ፊሎን ራሱ «ክፈቱ» እያለ ለመነ። አባት ነውና ማን ይፈርድበታል።

ከከተማዋ ሦስት መሪዎች አንዱ የሆነው ትራሲሎስ ደሙ ፈላ። እጁን ከኩታው መንጭቆ መድረኩን ደበደበው። «በር ከፍታ ከባርነት የተረፈች ከተማ ማን አየ?» አለና ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰዉም አፍሮ ከበሩ ራቀ።

ሁለተኛው መሪ ዩሜኖስ በጎን በር ባዶ እጁን ወጣ። የጠላት አለቃ እግር ላይ ወድቆ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከግንቡ ላይ የሚያዩት አፈሩበት። አለቃው ግን በዚያው ዓመት ሴት ልጁን የቀበረ ኖሯል፤ ሆዱ ባባ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ ታግሻለሁ» አለ።

ሦስተኛው ሊካስ ነበር። ወጣቶቹ «ወጥተን እንዋጋ» ሲሉት፣ እጁ በኩታው እንዳለ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቁጭ በሉ» አላቸው። ከቀትር በኋላ የሚነሣውን የበጋ ነፋስ እንግዶቹ አያውቁትም። ነፋሱ ተነሣና መርከቦቻቸውን ከዐለት ጋር ያላትም ጀመር። ጠባቂዎቹ ወደ ባሕሩ ሲሮጡ ሊካስ «አሁን» አለ። ትራሲሎስ በሩን ከፈተ፤ ከምርኮኞቹ ጋር የቆየው ዩሜኖስም አርባውን ይዞ ወደ ከተማዋ ሮጠ።

ሜሊታ ወይራዋን በቀሚሷ ቋጥራ ደረሰች።

«እስካሁን አልጣልሽውም?» አላት ፊሎን።

«አባዬ፣ ስንት ደክሜ የለቀምኩት እኮ ነው።»

ሽማግሌው እያለቀሰ ሳቀ። ከተማዋም እፎይ አለች።

የካሊዮን ልማድ ላንድ መከራ አንድ ሐውልት ነው። ሸንጎው ፊሎንን «ያዳነንን ሰው አንተ ምረጥና በበሩ ላይ ቅረጽ» አለው። ሦስቱንም ዞሮ አያቸው። የትራሲሎስ እጅ አብጧል። የዩሜኖስ መዳፍ አፈሩ አልለቀቀውም። ሊካስ ግን እጁን ለማውጣት አመነታ። ሲያወጣው የገዛ ጥፍሮቹ መዳፉን በስተውታል።

«ፈርተው ነበር እንዴ?» አለው ፊሎን።

«ከሁላችሁም በላይ። ሕዝቡ ይህን ቢያይ ኖሮ በሩ ያኔውኑ ይከፈት ነበር።»

ይኸው፣ ፊሎን መሮውን ይዞ ከድንጋዩ ፊት ቆሟል። ሜሊታ አጠገቡ ወይራዋን ትመርጣለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል እሷ እዚህ አልነበረችም። ድንጋዩ ግን አንድ ነው። እናንተ የሜሊታ አባት ብትሆኑ፣ የተቆጣውን፣ የለመነውን ወይስ የተደበቀውን እጅ ትቀርጹ ነበር?