በሩ ይዘጋል ወይ?

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ።

ቤቷ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው። ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠችበት ወቅት ከሦስት ልጆቿ ጋር ግቢዋ ውስጥ ሸራ ወጥራ ሰነበተች። አንድ ቀን ቀበሌው አስነገረ፤ “ቤት የሚያዩ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። አረንጓዴ የተቀባ ቤት ይገባበታል፤ ቀይ የተቀባ አይገባበትም።”

ይህች ሴት ምን አደረገች? እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች። ጭቃ በጭድ አቦካችና ግድግዳዋን መረገች። የጓዳው ማዕዘን ላይ የነበረው ስንጥቅ ክንዷን እስከ ክርኗ ያስገባ ነበር። ሞላችው። ላዩን ለቀለቀችው፤ ኖራ ቀባችው።

ጎረቤቷ አስካለ ግን አልመረገችም።

“አንቺ አስካለ፣ ቤትሽ አፉን ከፍቶ ነው እንዴ እንግዳ የሚቀበለው?” አለቻት ያች ሴት።

“ይክፈት! ሊያዩት ነው የሚመጡት ወይስ ሊድሩት?” አለች አስካለ።

ሰፈሩ ሳቀ። በማን ሳቀ? በአስካለ። በስንጥቋ ሳቀ። ይህንን ሳቅ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሐሙስ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ይድነቃቸው የሚባል ሰውና ፌቨን የምትባል ባልደረባው። ያልተማሩ እንዳይመስሏችሁ። ሦስት ቀን ሠልጥነዋል። የሠለጠኑት እዚሁ፣ አሁን እናንተ የተቀመጣችሁበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሻይ ያቀረብነው እኛ የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት ነን። አሰልጣኟ ያለችውን በጆሯችን ሰምተናል።

“ቤቱን ዙሩት” አለች። “ጀርባውን ሳታዩ ቀለም እንዳትከፍቱ። አዲስ ምርጊት ካያችሁ ከሥሩ ምን እንዳለ መርምሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቤቱን ሰው ጠይቁ። በራችሁ እንደ ድሮው ይዘጋል ወይ በሉ። ግድግዳ ማዘንበል ሲጀምር መጀመሪያ የሚያስቸግር በሩ ነው።”

ጻፉት። ሁሉም በደብተራቸው ጻፉት።

የዚያች ሴት በር አይዘጋም ነበር። ሳምንት ሙሉ አልዘጋ ብሏታል። ያን ቀን ግን ለእንግዳ ክብር ወለል አድርጋ ከፍታ ድንጋይ አስደግፋዋለች። የተከፈተ በር እንደማይዘጋ በምን ይታወቃል? በመጠየቅ ብቻ ነው።

“ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ” አለች።

ይድነቃቸው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነጩን ግድግዳ አየና፣ “ማዘር፣ ቤት ማለት ይሄ ነው! ምነው ሁሉም እንደ እርስዎ በያዘው!” አላት።

ፌቨን፣ “በጓሮ ዞሬ ልምጣ?” አለች።

“ተይው ባክሽ፤ ገና ሃያ ሁለት ቤት ይቀረናል።”

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። “የጓዳው በኩል እንኳ ትንሽ…” አለች።

“ትንሹማ የሌለበት ቤት የለም ማዘር” አላት ይድነቃቸው፣ ቀለሙን እያማሰለ።

አረንጓዴ ቀባ። የአስካለን ቤት ቀይ ቀባ።

ባለ አረንጓዴዋ ሸራዋን አጠፈች። ልጆቿን ወደ ቤት አስገባች። ለምን አታስገባ? ሠልጥነው የመጡ ሰዎች ግቢ ብለዋታል።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ምድር አንዴ ነቅነቅ አለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብርጭቆ እንኳ አልወደቀም። የዚያች ሴት የጓዳ ግድግዳ ግን ወደቀ። መካከለኛዋ ልጇ ትርሲት የትምህርት ቤት ልብሷን እየቀየረች ነበር። ቀድማ ደርሳ ድንጋዩን በእጇ የፈነቀለችው ማን ናት? የሳቃችሁባት አስካለ ናት። ልጅቷ በሕይወት ወጣች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እስከ ዛሬ በክራንች ትሄዳለች።

ከዚያስ? የቀበሌው ሹሞች ሰው ሰበሰቡ። ጥፋተኛ ፈለጉ። አገኙም፤ እናትየዋን!

“ለምን መረግሽው? ባለሙያ አሳስተሽ ልጅሽን አስጎዳሽ” አሏት። እዚህ ቅጥር ውስጥም ከጸሎት በኋላ፣ “በራሷ እጅ ያመጣችው ነው” ያላችሁ አላችሁ። ሰምቻችኋለሁ።

ያች ሴት በዚያ ዓመት ከጎልማሶች ጋር ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበር። “ቤቴ ሲታይ የተሞላውን ወረቀት አሳዩኝ” አለች። ሰጧት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች አነበበች። “የቤቱ… ጀርባ… ታይቷል።” ከጎኑ ራይት። “በር… በትክክል… ይዘጋል።” ራይት። “ነዋሪ… ተጠይቋል።” ራይት።

ቀና አለች።

“ማንን ጠየቃችሁ?”

ይድነቃቸው አንገቱን ደፋ። ፌቨን አለቀሰች።

እኔ ግን እናንተን እጠይቃለሁ። ማንን ጠየቃችሁ? ሽማግሌዎች፣ በዚህ ወር ስንት ቤት ጎበኛችሁ? ደጃፍ ላይ ቆማችሁ “ሰላም ናችሁ?” አላችሁ። “እግዚአብሔር ይመስገን” አሏችሁ። ጸልያችሁ ወጣችሁ፤ በዝርዝራችሁ ላይ ራይት አደረጋችሁ። በአንዱ ቤት ባል ከተሰደደ ስድስት ወሩ ነው! በሌላው ቤት ልጅቷ ትምህርቷን አቁማለች! በሩ አይዘጋም፤ እናንተ ግን አረንጓዴ ቀብታችሁ ሄዳችሁ።

ሴትዮዋ ለምን መረገች ትላላችሁ? እናንተ እንደምትስቁ ስለምታውቅ ነው። እኔም ስቄያለሁ። የተሰነጠቀ ቤት የሚሳቅበት ሰፈር ውስጥ ስንጥቋን የምታሳይ እናት ከየት ይምጣ? ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት፤ እፍረቱን ያቦካነው ግን እኛ ነን። ይህን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ።

ዕውሩ ሰው በጌታ ፊት ሲቆም፣ ጌታ የጎደለውን አላየም ነበር? አይቷል። ሆኖም ከራሱ አፍ ሊሰማ ቆሞ “ምን እንዳደርግልህ ትወዳለህ?” ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቀው ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቀው እኛ ምን ይዘን ነው ሳንጠይቅ የምናልፈው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ቤት ግቡ። አንድ ይበቃል። ግድግዳውን አታመስግኑ። “ደህና ነን” ሲሏችሁ አትነሱ፤ ተቀመጡና እንደገና ጠይቁ። “ትንሽ…” ብሎ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ፣ እባካችሁ፣ በልጆቻችሁ ይዣችኋለሁ፣ እስኪጨርስ ስሙት።

ያች እናት የስንጥቁን ልክ ታውቅ ነበር። እስከ ክርኗ ድረስ ገብታበታለች። ልትነግራቸውም ጀምራ ነበር።