ልምጭ የሸተተው ጢም

ተረቴ ከገደል አፋፍ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

ሆዷን የምትወድ አንዲት ፍየል ነበረች። በአገሩ ዱሩ ሁሉ ታርሶና ተግጦ አልቆ፣ የቀረችው አንዲት ቅጠሏ የሚሸት የልምጭ ቁጥቋጦ ብቻ ነበረች። ዓይኗ የፈዘዘ የዋህ ቢራቢሮ መጥታ፣ «እሜቴ ፍየል፣ ልጆቼ ከዚህች ቅጠል ሌላ አይበሉምና አደራሽን ተይልኝ» አለቻት።

«ምን ቸገረኝ! ትቼልሻለሁ» አለች ፍየሏ።

ቢራቢሮ ዘወር ስትል ግን አንዷን ቅጠል ልቅመስ፣ ሌላዋን ልድገም ስትል ቁጥቋጦዋን ጨረሰቻት። ገና እያላመጠች ሳለች ቢራቢሮ እንቁላሏ ደርሶ ተመለሰች። ዞራ ዞራ፣ የልምጩ መዓዛ ሲመራት ከፍየሏ ጢም ላይ ዐረፈች።

«ተመስገን፣ ልምጬ አለች! ፍየሏ ቃሏን ጠበቀች» ብላ እንቁላሎቿን ጢሙ ላይ ጣለች። ወዲያው ደክማ ወደቀችና ሞተች።

ቢራቢሮ ሳትሞት ፍየሏ «የበላሁት እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሐፍረት ያዛትና መልሳ ዘጋችው። ጢሟ እንዳይነቃነቅ እየተጠነቀቀች ከኮረብታ ኮረብታ ልምጭ ብትፈልግ አጣች። በመንገድ ላይ ሳለች ከእንቁላሎቹ ትናንሽ ትሎች ተፈለፈሉ።

«እማማ፣» አሏት፣ «ቅጠላችን የታል?»

ፍየሏ አንገቷን ደፋች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እሷስ መልስ የላትም።